የአባቴ ዱዓ ያለበት ዲስክ

ረጀብ 20

የታናሽ እህቴ የራሕመት ኒካሕ ቀን ተቆረጠ። ሸዋል 12፣ ሐሙስ ማታ፣ መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ እናታችን ቤት። ልጁ ኢልያስ ይባላል፤ ጀርወል ሰፈር፣ እሷ በምትሠራበት ሆቴል ሒሳብ ክፍል ነው ያለው። ወላጆቹ እንደኛው የወሎ ሰዎች ናቸው። ሳቂታ ነው፤ እንከን ላወጣለት ፈልጌ አጣሁ። አባት ስለሌለን እጇን የምሰጠው እኔ ወንድሟ ነኝ። እማ አፏን እስክትከፍት ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

"ሀሰና በአባቷ ዱዓ ተዳረች። ይቺ ልጅ በማን ዱዓ ልትዳር ነው?" አለች።

ሀሰና ታላቅ እህታችን ናት፤ ኮምቦልቻ ነው ያለችው። እሷ ስትዳር አባታችን ታሞ ስለነበር መሄድ አልቻለም። እኔ ያኔ ጂዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር፣ በዐሚ ኢክሪማ ስቱዲዮ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። አባቴን አምጥቼ ማይክራፎን ፊት አስቀመጥኩት፤ ዱዓውን ማሽኑ ላይ ቀዳን፤ በካሴት ተላከላት። ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ አሚን እያለ አለቀሰ አሉ። ካሴቱን በኋላ ቴፕ በላው። አባቴም በዓመቱ ሞተ፤ አላህ ይማረው። ራሕመት ያኔ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ድምፁን አታውቀውም።

እኔን ደግሞ ምን አስቸኮለኝ? "ዱዓው እኮ የስቱዲዮው ማሽን ዲስክ ላይ አለ" አልኩ።

እማ የያዘችውን ምስባሓ፣ መቁጠሪያዋን፣ አስቀመጠች። እሷ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ "አባትህ" ነው የምትለው። "እንግዲያማ አባትህ ለኒካሑ ሊመጣ ነው በለኛ" አለችና ሳቀች። እኛም አብረናት ሳቅን።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው የምሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ማንም እንዳያነበው ነው። አብሮኝ የሚሠራው በሽር ከሚሴ ስላደገ ማንበብ ይችላል፤ እሱን ግን ስንፍናው ይዞልኛል።

ረጀብ 24

ዲስኩ ተገኘ። እማ አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ውስጥ፣ በአባቴ ሽርጥ ተጠቅልሎ። ስቱዲዮው ሲዘጋ እዚያ ያኖርኩት ራሴ ነኝ። እማ "የመኪና ባትሪ መስሎኝ ስንቴ ልጥለው ነበር፤ ሽርጡ ነው ያሳዘነኝ" አለች።

የዛሬ ላፕቶፕ አያነበውም። ገመዱ ቢገኝለት እንኳ አጻጻፉ የስቱዲዮው ማሽን ነው፤ የዚያ ዎርክስቴሽን የሚሉት፣ በዘመኑ የአንድ መኪና ዋጋ የነበረው። ማሽኑ ካልተነሣ ዲስኩ ብረት ነው። ለራሕመት ስል እሞክራለሁ። ለራሴማ ምን ያደርግልኛል? እኔ ያገባሁትም የፈታሁትም ድሮ ነው።

ከመሄዴ በፊት እማ መኪናዬን ዘምዘም ረጨችው። አዲስ ነገር አይደለም። የአባያ መተኮሻውን ውሃ መርጫ በዘምዘም ሞልታ፣ ቁርኣን ቀርታበት፣ ያልረጨችው ነገር የለም፤ የጎረቤት ልጅ ሲያተኩሰው፣ ራሕመት ለፈተና ስትሄድ፣ ልብስ ማጠቢያው ሲንጓጓ። ልብስ ማጠቢያው ወላሂ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። እኔና ራሕመት በዚህ ስንት ዓመት ስቀናል።

ረጀብ 29

የድሮ አሠሪዬ ዐሚ ኢክሪማ ዘንድ ሄድኩ። የጀበርቲ ዘር ናቸው፤ ጂዳ ተወልደው ጂዳ ያረጁ። አማርኛቸው ከአያታቸው የቀረ ነው፣ ግማሹ አረብኛ።

"ያ ፉኣድ! ስንት ዘመን! ማሽኑ? መውጁድ፣ አለ፤ ሙስተውደዕ፣ መጋዘኑ ውስጥ ተኝቷል። ግን ኻላስ፣ ሞቷል።"

"ሬሳውንም ቢሆን ስጡኝ" አልኳቸው።

"ውሰደው፣ ሐላል ይሁንልህ። አባትህ ምን ያለ ሰው ነበር! ያን ቀን ሻይ እንኳ አልጠጣልኝም።"

አባቴ የስቱዲዮ ሻይ የማይጠጣበት ምክንያት ነበረው። የኔን ሥራ "የሰው ሚስት መልክ መቆራረጥ" ነበር የሚለው። ከዚያ ቀን በቀር ደጃፉን ረግጦ አያውቅም፤ ያን ቀንም የመጣው ለሀሰና ብሎ ነው።

"ወደ ካሴት ያዛወሩት እርስዎ ነዎት፤ የተናገረውን ያስታውሱታል?" አልኳቸው።

"ድምፁ ከፍ ዝቅ እንዳይል መርፌውን ነው ያየሁት፤ ቃሉን ማን ያዳምጣል? ሥራ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ስንት ሰው ሲያለቅስ መርፌ አይቻለሁ።

ማሽኑን እኔና በሽር ተሸክመን ሱቅ አስገባነው። የሱቁ ባለቤት፣ ከፊላችን፣ አይቶ "ሙዚየም ልትከፍቱ ነው?" አለ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ እንድነካው አስጠነቀቀኝ።

ሸዕባን 3

ሥራ በዛ። ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። የማሽኑ ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች አብጠዋል። ሰካሁት፤ ጠሽ አለ፤ ጨሰ። በሽር "አጥበን እንገንዘው" ይላል።

ኮንደንሰር ከየት ይገኛል?

ሸዕባን 9

ማሽኑ ተነሣ! አዳዲስ ኮንደንሰር በየድኩበት። ሞኒተሩ ላይ ያ የድሮ ሰማያዊ ሲበራ እጄ ቁልፎቹን ራሱ አስታወሳቸው።

ግን የሚነሣው የአባቴን ዲስክ ሳላያይዝ ነው። ሳላያይዘው ጤነኛ ነው። ካያያዝኩት ግን የራሱንም ዲስክ አያይም። ለካ ረስቼው ነው። እነዚህ ዲስኮች በአንድ ገመድ ላይ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን የሚሰጡት ጀርባው ላይ የሚሰኩ ጥቃቅን መሰኪያዎች ናቸው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ፣ ማሽኑ ሲጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ እሱም ማንንም አይሰማም። በአንድ ቤት ሁለት ልጅ በአንድ ስም አይጠራም እኮ።

ቁጥሩን ለወጥኩ። አሁን ደግሞ ያየዋል፣ ይጠፋበታል፣ ያየዋል። የገመዱ ጫፍ ላይ መሰካት ያለበት መዝጊያ የለም። እሱ ከሌለ የተላከው ምልክት ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና መልእክቱን ያበላሸዋል። ያ መዝጊያ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ጂዳን ሙሉ ጠየቅሁ፤ ያወቃት የለም።

ለሀሰና ደወልኩ፤ ስለ ራሕመት ልብስ ላማክራት። በዚያው አባቴ በዱዓው ምን ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

"ወይኔ ፉኣዴ፣ ሙሽራ ሆኜ ምን እሰማለሁ? ሳለቅስ ነበር። ብቻ ለሁላችንም አደረገልን።"

"ለሁላችንም ሲል፣ በስም እየጠራ ነው ወይስ እንዲሁ በጅምላ?"

"አንተ ደግሞ! ዱዓ ዱዓ ነው" አለችኝ። ከዚያ ስለ ልብሱ አወራን።

ሸዕባን 16

ትናንት መካ ነበርኩ። እማ በሩን ከፍታ ከኋላዬ አየች። "ብቻህን ነህ?" አለች። "ብቻዬን ነኝ።" "አባትህስ?" ጫማዬን አወለቅሁ። ትንሽ ቆይታ "ዲስኩን ማለቴ ነው" አለች። ዲስኩን ማለቷ ነው። ለኒካሑ ብላ የምትደክመው ድካም ነው፤ ሌላ ነገር አይመስለኝም።

ራሕመት ጓዳ ሆና በስልክ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ሳታየኝ ነው። እሷ ስትፈጥን አረብኛ ነው የሚቀድማት። "ኣና ማ ጠለብት ሸይ" አለች፤ እኔ ምንም አልጠየቅሁም ማለቷ ነው። "ፉኣድ ነው። ለእኔ ይበል እንጂ ለራሱ ነው።"

ልጅ ናት። ምኑን ታውቀዋለች? ለእሷ ባይሆን ኖሮ ጁምዓዬን ሁሉ ኮንደንሰር ስፈልግ አጠፋው ነበር? ጠጅ አሸተተ ቢሉ ሰከረ የሚል አይጠፋም። ቤንዚኔን ሞልቼ ወደ ጂዳ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ከእሷ ጋር በልቤ ስከራከር።

ሸዕባን 24

መዝጊያዋ ተገኘች። ዐሚ ኢክሪማ ሙስተውደዓቸውን ገልብጠው አንድ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ አገኟት። ሰክቼ ማሽኑን አበራሁ፤ አሁን ደግሞ ዲስኩ ራሱ አይዞርም። ከብዙ ዘመን ተኝቶ ማንበቢያው ከሚዞረው ሳህን ጋር ተጣብቋል። ለዚህ ድሮ የምናደርገውን አደረግሁ። ዲስኩን በሁለት እጅ ይዞ፣ ኃይል ሲገባለት፣ በእጅ አንጓ ጠምዘዝ አድርጎ መመለስ ነው፤ የተኛ ሰው ትከሻ እንደመነቅነቅ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ እጄ ውስጥ ነዘረኝ፤ ዞረ። ያን ቀጭን ፉጨቱን ስሰማ ዓይኔ ሞላ። በሽርም ቀልዱን ትቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

ስክሪኑ ላይ ስሞቹ ተዘረዘሩ። ከመካከላቸው አንዱ "ዓሊ ዱዓ"፤ የአባቴ ስም።

"ክፈተዋ!" አለ በሽር።

"አይሆንም። መጀመሪያ የምትሰማው እማ ናት።"

"እሺ አትስማው፤ ቅዳውና አስቀምጥ። አሁን። ያላ፣ እኔ የኔትወርክ ገመድ አመጣለሁ።"

አጠፋሁት። ክብር የሚባል ነገር አለ። ባልዋ ነው፤ እሷ ሳትሰማ እኔ ሱቅ ውስጥ፣ የስልክ ስክሪን በተከመረበት፣ ልገለብጠው? ረመዷን እስኪገባ ልታገሥና ማሽኑን እንዳለ መካ ወስጄ እሷ ፊት እከፍተዋለሁ።

በሽር ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ያኔ ስትቀዳ አልሰማኸውም እንዴ?" አለኝ።

አልሰማሁትም። ማይክራፎኑን አስተካክዬለት ሳበቃ "አንተ ውጣ፤ ሰው እያየኝ ዱዓ አይወጣልኝም" አለኝ። ወጣሁ። መግሪብ ሰግጄ፣ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ስመለስ ሄዶ ነበር። ለበሽር ግን "ሥራ ላይ ነበርኩ" አልኩት።

ረመዷን 7

ጁምዓ።

ተቃጠለ።

መጻፍ አልቻልኩም።

ረመዷን 8

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሐሙስ ማታ ማሽኑን መካ አደረስኩ። እማ ክፍል ውስጥ ሌላ ቦታ ስላልነበረ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የአባቴ ዲስክ ከነመዝጊያው ሣጥኑ ውስጥ አልገባ ስላለ ውጭ፣ ፎጣ ላይ፣ ቦርዱን ወደ ላይ አድርጌ አጋደምኩት። "ከጁምዓ ስመለስ እናዳምጣለን" ብያት ወደ መስጂድ ሄድኩ።

ስመለስ እማ ለዒድ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ዑድ ተቀብታ፣ ወንበር ስባ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። ራሕመትም ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። ቢስሚላህ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጠሽ አለ። ትንሽ ብልጭታ፣ ከዚያ የሚከረፋ ሽታ። ማሽኑ ጨለመ። ዲስኩን ላነሣው ስል ፎጣው እጄን አረጠበው። ውሃ መርጫው እዚያው፣ ካውያው አጠገብ ቆሟል።

"ሰባት ጊዜ ፋቲሓ ቀርቼበታለሁ፣ ሰባት ጊዜ አየተል ኩርሲይ" አለች እማ። "ታሞ የከረመ ዕቃ ነው ብለኸኝ የለ።"

"እማ!" ብዬ ጮህኩባት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮህኩት። ግን በጾሟ፣ በዒድ ቀሚሷ። ክው ብላ "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። ራሕመት በዓይኗ ዋጠችኝ።

"ምንም። ኤሌክትሪኩ ነው" አልኩ።

ጥፋቱ የውሃው አይደለም። ዘምዘም ምን አጠፋ? የእሷም አይደለም፤ ለምትወደው ነገር ሁሉ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ሳይዳስስ የሚያበራ እጅ ነው ጥፋተኛው። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ የገባበት ስልክ የሚያመጣልኝን ሰው "ሳይደርቅ ለምን አበራኸው?" እያልኩ ስገሥጽ የኖርኩት እኔ፣ ፎጣውን ሳልነካ አበራሁ። በልብስ ማጠቢያው ስንስቅ ከረምን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በሽር ቅዳው ብሎኝ ነበር። ለእማ ክብር ብዬ ነው ያልቀዳሁት። ለእማ ክብር ብዬ ነው።

ከኢፍጣር በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ውሃው አልረዳውም እንዴ?" አለችኝ።

"ረድቶታል እማ። ባይረዳው ይብስ ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። የውሃውን ነገር ለራሕመት ነገርኳት፤ እማ እንዳታውቅ። "ኣኽ፣ ይህንንማ ማን ይነግራታል?" አለችኝ። ከተቆጣችኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ረመዷን 15

ማሽኑን መልሰን ሱቅ ስናስገባ በሽር "ቅዳው ብዬህ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

የተቃጠለው ቦርዱ ነው፤ ሳህኖቹ ውስጥ ስላሉ ውሃ አልደረሰባቸውም። አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ዲስክ ከተገኘ የእሱን ቦርድ ነቅሎ መግጠም ይቻላል። አንድ ዓይነት ማለት ግን በትክክል አንድ ዓይነት፣ የአንድ እናት ልጆች። ዐሚ ኢክሪማ ዲስክ ሲገዙ ጥንድ ጥንድ ነበር የሚገዙት። ወንድሙ ተገኘ።

ላዩ ላይ በገዛ ጽሑፌ "ሠርግ" ብዬ ጽፌበታለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም። የሆኑ ሰዎች ሠርግ ውስጡ አለ፤ ዘፈናቸው፣ እናቶቻቸው። ቦርዱን ስነቅለው "አፉ በሉኝ" አልኳቸው። አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር? ይኸው የሰው ሠርግ ቆራርጬ ለእሱ ድምፅ።

ረመዷን 22

ገጠምኩት። ዞረ። ግን እየተንኳኳ ነው የሚዞረው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያ ድምፅ በኛ ሙያ የጣር ድምፅ ነው። መብራቱ ሲጠፋበት ማንበቢያው ሳህኑን ሳይነካው አልቀረም።

በዚህ ጊዜ አልኩራራሁም። የኔትወርክ ገመዱ ወደ ላፕቶፔ ተሰክቶ ነበር። "ዓሊ ዱዓ" የሚለውን ወዲያው መቅዳት ጀመርኩ። ትንሽ ሄደ። ቆመ። ትንሽ ሄደ። በሽር "ያ ረብ፣ ያ ረብ" እያለ ከኋላዬ ቆሟል። ከዚያ ዲስኩ አንዴ በኃይል አንኳኳና ጸጥ አለ።

የመጣው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወደ ስልኬ አዛወርኩት። አላዳመጥኩትም። በሽር "አሁንስ?" አለኝ። አሁንም እማ ናት መጀመሪያ የምትሰማው አልኩት። እሱም "እሺ ወንድሜ" ብቻ ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ካልቀለደ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ሸዋል 2

ዒድ ሙባረክ ለሁሉም። ትናንት ሰው ቤት ለቤት ሲል፣ እኔ የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ከዲስኩ ጋር ነበርኩ። አቀዘቀዝኩት፣ አሞቅሁት፣ ጠመዘዝኩት፣ ለመንኩት። አይዞርም። ኻላስ።

ዱዓው ሄደ። ከሩቡ ሩብ እንኳ አልተረፈም። ማንን እንደጠራ፣ ማንን እንዳልጠራ ከእንግዲህ አይታወቅም። ለራሕመት ነው የማዝነው። ለራሕመት ብዬ ነው ይህን ሁሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሱቁ ዝግ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ሸዋል 6

መካ። ራሕመት የጀርወል ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ መኪና ውስጥ ጠበቅኋት። ዲስኩ መሞቱን ነገርኳት። የማለቅስ መስሏት ፊቴን አየች።

"ኣኹያ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልበልህ? አትቆጣም?"

"ተናገሪ።"

"እኔ አባባን አላውቀውም። ወላሂ ስለ እሱ ስታወሩ እንደ ሰው አባት ነው የምሰማው። ትምህርት ቤት ያደረሰኝ አንተ፣ ሐኪም ቤት ያደርክ አንተ፣ ለኢቃማዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጀዋዛት ቢሮ የተሰለፍክ አንተ። ዱዓ ካስፈለገኝ አንተ አድርግልኝ።"

"እኔ አባት አይደለሁም።"

"እሱስ ላንተ…" ብላ ጀመረችና ተወችው።

"እሱስ ለእኔ ምን?"

"ምንም። ያላ ንዳ፣ እማ ብቻዋን ናት።"

ቤት ስንደርስ እማ በሩን ክፍት አድርጋ ደፍ ላይ ቆማለች። "መግሪብ ሰግዶ ይመጣል ብዬ ነው" አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ራሕመት እጇን ይዛ አስገባቻት። ከአሁን በኋላ ድካም ነው ማለት የምችል አይመስለኝም።

ሸዋል 13

ጠዋት ነው። ሁሉም ተኝተዋል። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ማታ እንግዳው ሞልቷል። ወንዶቹ እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ ናቸው፤ ኢልያስ ላብ በላብ ሆኖ ይስቃል። ኒካሑን የሚያስረው ሸይኽ መንገድ ተዘግቶበት ዘገየ። በዚያ መሀል እማ አስጠራችኝ። ክፍሏ ስገባ ራሕመት ነጭ ለብሳ፣ እጇ ሒና ሆኖ አጠገቧ ተቀምጣለች። ከፊላችን ከሱቅ አውጣልኝ ስላለ ማሽኑ ተመልሶ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው።

"በል፣ የአባትህን ዱዓ አምጣ። ሰው ሳይገባ" አለች እማ።

ራሕመት በዓይኗ "ተወው" አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ያን ሁሉ ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ ነው። ከዚያ የሆነ ወጣት ድምፅ፣ "አባ፣ ቀዩ መብራት በርቷል፤ ጀምር።" እኔ ነኝ። ምን ያህል ቸኩዬ እንደነበር ያስታውቃል። "አንተ ውጣ" ይላል አባቴ፤ ከዚያ በር ይዘጋል። ከዚያ ዝምታ። ጉሮሮ ሲጠረግ። ራሕመት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ፉኣድ" አለ አባቴ።

ዝምታ።

"ፉኣድ! ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ አለ እንዴ?"

ማንም አይመልስለትም። እኔ ኮርኒሽ ላይ ነኝ። ወንበሩ ይንቋቋል።

"ተው ግባ እንግዲህ ልጄ። አሚን የሚለኝ ሰው ከሌለ ዱዓ እንዴት…"

እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የተበላሸ ዲስክ ጩኸት ብቻ ነው። ዐሚ ኢክሪማ ለካሴቱ ይህችን ቆርጠው ነው የጣሏት። ሥራው እንደዚያ ነው፤ እኔም ብሆን እቆርጣት ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እማ ጉልበቴን መታችኝ።

"ምን ትጎለታለህ? አባትህ ውሃ እያለህ!"

ተነሥቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ከጀሪካኑ ዘምዘም ቀዳሁ፤ ግማሹ ፈሰሰ። ተመልሼ ብርጭቆውን ስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"እንደሱ ነው ውሃ የሚሰጠው? በእጁ ስጠው እንጂ" አለች እማ።

ብርጭቆውን መልሼ አነሣሁና ይዤው ቆምኩ። ለማን ልስጠው? ከውጭ ሸይኹ መድረሱን የሚናገር ድምፅ ተሰማ። ራሕመት ተነሥታ ፊቴ መጥታ ቆመች፤ መዳፎቿን ዘርግታለች፤ ሒናው ገና አልደረቀም።

"አንተ አድርግልኝ" አለች በአማርኛ። "አሚን እንላለን። አለን።"

"ቢስሚላህ" አልኩ። "ያ ረብ፣ ይቺን ልጅ…" አልኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ አንድ ቃል አልወጣ አለኝ።

እማ ከወንበሯ ተነሣች። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ ወደ አፌ አስጠጋችው፤ በሌላ እጇ አገጬን ደግፋ።

"እንካ ጠጣ፣ ዓሊ" አለችኝ። "ቅድም ውሃ ስትል አልነበር።"

በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም።

ጠጣሁ።